ጩኸትና ጥበብ፦ የሃርድኮር ፓንክ ሸክላዎች ድምፅ፣ አነሣሡና ትርጉሙ

የኪነ ጥበብ ቅርፅ ከሰማይ ዱብ አይልም። በአንድ ዘመንና በአንድ ሥፍራ የኖሩ ሰዎች በእጃቸው በገባው መሣሪያ፣ በደረሰባቸው በደልና በሰነቁት ተስፋ እየተቀረፀ የሚወጣ ነው። ስለሆነም አንድ የጥበብ ሥራ ለጆሮ ሻካራ፣ ለዓይን ጎርባጣ ሆኖ ሲገኝ፣ ሐያሲ «ይህ ያምራል ወይስ ያስጠላል?» ብሎ ከመፍረዱ በፊት «ማን ሠራው? በምን መሣሪያ ሠራው? ለማንስ ብሎ ሠራው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምንመረምረው ድምፅ ይህን ጥያቄ አጥብቆ የሚጋብዝ ነው። እርሱም በ1970ዎቹ መገባደጃና በ1980ዎቹ መባቻ በሰሜን አሜሪካና በእንግሊዝ አገር የተወለደው፣ «ሃርድኮር ፓንክ» በሚል ስያሜ የሚታወቀው ሙዚቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የዚህን ሙዚቃ ሸክላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው የሚያጋጥመው፣ መርፌው ገና ሸክላውን ሲነካ የሚፈነዳ አንድ ወጥ ጩኸት ነው። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ከበሮው በቆርቆሮ ክዳን ላይ እንደሚወርድ በረዶ ያለ ፋታ ይዘንባል፤ ድምፃዊው አያዜምም፣ ይጮኻል። አድማጩ ጆሮውን ሳያስለምድ ዘፈኑ ያልቃል። «ይህስ ሁከት እንጂ ሙዚቃ አይደለም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ይሁንና ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ያደገ ሰው፣ የሰው ድምፅ የዜማን ወሰን አልፎ ወደ ጩኸት ሲሻገር ትርጉሙ ተሟጦ እንደማይጠፋ ያውቃል።

የዘመኑ ገጽታ

ፓንክ ራሱ በ1976 እና በ1977 በኒው ዮርክ በራሞንስ፣ በለንደን በሴክስ ፒስቶልስ አማካይነት ሲነሣ፣ ተቃውሞው ያነጣጠረው የሮክ ሙዚቃ ወደ ከፍተኛ ንግድ በመለወጡ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ወጣት ሙዚቀኛ ለመባል ውድ መሣሪያ፣ የረጅም ጊዜ ልምምድና የትልልቅ ኩባንያዎች በጎ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ፓንክ ይህን አጥር በሦስት የጊታር ድምፆች አፈረሰው። ነገር ግን ኩባንያዎቹ ብዙም ሳይቆዩ አመፁን ገዝተው፣ ሾሉን አድበልብለው፣ «ኒው ዌቭ» የሚል አዲስ ስም ሰጥተው መልሰው ሸጡት።

የሃርድኮር ትውልድ የተነሣው ከዚህ ሽያጭ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች ነበሩ። በካሊፎርኒያ ሚድል ክላስ የተባለው ባንድ በ1978፣ ብላክ ፍላግ ደግሞ በ1979 መጀመሪያ ያወጧቸው ትንንሽ ሸክላዎች የአዲሱ ፍጥነት ብሥራት ሆኑ። የብላክ ፍላግ «ነርቨስ ብሬክዳውን» አራት ዘፈኖች ይዞ ከአምስት ደቂቃ ብዙም አይዘልም። በ1981 የካናዳው ዲ.ኦ.ኤ. «ሃርድኮር 81» የተሰኘ ሸክላ ሲያሳትም ስሙ በሰፊው ተሰራጨ።

የኢኮኖሚው ሁኔታም ለቁጣው ማገዶ ነበር። በ1982 መጨረሻ በአሜሪካ የሥራ አጡ ቁጥር ከሠራተኛው ኃይል 10.8 በመቶ ደረሰ፤ በእንግሊዝ በዚያው ዓመት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሥራ ፈትተው ነበር። በሁለቱም አገሮች ወግ አጥባቂ መንግሥታት ሥልጣን ይዘዋል፤ የኑክሌር ጦርነት ሥጋትም እንደገና አንዣቧል። ሆኖም ይህን ሙዚቃ በቀጥታ «የወዛደሩ ድምፅ» ብሎ መሰየም ከእውነቱ ያርቃል። በተለይ በአሜሪካ ብዙዎቹ ባንዶች የመካከለኛው መደብ ልጆች ነበሩ፤ ያደጉትም በጸጥተኛ የከተማ ዳርቻ ሰፈሮች ነው። የተራቡት እንጀራ ሳይሆን ቃል ነው። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ በቀረበላቸው ኅብረተሰብ ውስጥ የእነርሱ ቃል የሚሰማበት ሥፍራ አልነበረም።

ድምፁ እንዴት ይሠራል?

ሃያስያን ብዙውን ጊዜ ስለ ቁጣው እንጂ ስለ አሠራሩ አይናገሩም። ይሁንና የዚህ ሙዚቃ ኃይል ያለው ከአሠራሩ ላይ ነው።

ከጊታሩ እንጀምር። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ፣ የድምፁ ሞገድ ጫፍና ጫፉ ይቆረጣል፤ ከዋናው ድምፅ ጋር ቀድሞ ያልነበሩ ሌሎች ድምፆች ይፈለፈላሉ። ለመሐንዲስ ይህ ጉድለት ነው። ለሃርድኮር ጊታረኛ ግን ቀለም ነው። በዚህ በተቆራረጠ ድምፅ ላይ ሙሉ ኮርድ ቢመታ ድምፆቹ እርስ በርስ ስለሚደፈራረሱ፣ ተጫዋቹ መሠረቱንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ ይመታል። በመካከል የሚቀረው ሦስተኛው ድምፅ፣ በምዕራባውያን ሙዚቃ ደስታን ከሐዘን የሚለየው ነው። ስለዚህ የሚሰማው ድምፅ አያስደስትም፣ አያሳዝንምም፤ እንደ ባዶ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስሜቱን የሚሰጠው ፍጥነቱና የሰው ልጅ ጉሮሮ ነው።

ከበሮው የእግርና የእጅ ምትን እያፈራረቀ በደቂቃ ከ200 ምት በላይ ይጋልባል። በዚህ ፍጥነት እያንዳንዱ ምት ተለይቶ መሰማቱ ያበቃና ሁሉም ተያይዞ አንድ ወራጅ ውሃ ይሆናል። ድምፃዊው ቃላቱን በዚህ ጎርፍ ላይ መጫን አለበትና ዜማ ለመሳብ ጊዜ የለውም። ከዚህ የተነሣ ግጥሙ በጆሮ ለመለየት ያስቸግራል። ብዙዎቹ ባንዶች ግጥሙን አትመው ከሸክላው ጋር ማውጣታቸው ለዚህ ነው። አድማጩ በጆሮው ጩኸቱን፣ በዓይኑ ቃሉን ይቀበላል። ለገጣሚ ይህ ልዩ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው፤ የታተመው ቃልና የተነገረው ቃል ተለያይተው በአድማጩ ውስጥ እንደገና ይገናኛሉና።

የሸክላው ቁሳዊ ባሕርይም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። መርፌው የሚጓዝበት ቦይ ድምፁ ከፍ ባለና በጎረነነ መጠን ግራና ቀኝ ሰፊ መወዛወዣ ይፈልጋል። በአንድ ገጽ ሃያና ከዚያ በላይ ደቂቃ የሚይዝ ትልቅ ሸክላ ቦዮቹን አጠጋግቶ መቅረፅ ስላለበት ድምፁን መቀነስ ግድ ይሆናል። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ባለ ሰባት ኢንች ሸክላ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከያዘ ቦዩን አስፍቶ፣ ድምፁን አጉልቶ ለመቅረፅ ያመቻል። እንግዲህ የዘፈኑ ማጠርና የድምፁ መግዘፍ ተደጋጋፊ ነበሩ። የዋሽንግተኑ ማይነር ትሬት በ1981 ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ስምንት ዘፈኖችን በዘጠኝ ደቂቃ ገደማ አጠናቋል። ከመካከላቸው ስሙ ለአንድ ሙሉ የአኗኗር ሥርዓት መጠሪያ የሆነው «ስትሬት ኤጅ» 46 ሴኮንድ ብቻ ነው።

በመጨረሻም የስቱዲዮው ሰዓት አለ። ገንዘብ የሌለው ባንድ የስቱዲዮ ሰዓት መግዛት አይችልም። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ክፍል ቆመው በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ የከበሮው ድምፅ በጊታሩ ማይክሮፎን፣ የጊታሩም በከበሮው ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ቅጂ ካልተበላሸ ያው የመጨረሻው ይሆናል። ከቸገረው የመጣው አሠራር፣ አድማጩ ከባንዱ ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል የታጎረ እስኪመስለው ድረስ ድምፁን አቀረበው።

በመቀስና በሙጫ

የዚህ ሁሉ ተግባራዊ ምሳሌ የሚገኘው ከዋሽንግተን ከተማ ነው። በ1980 ቲን አይድልስ የተባለ የተማሪዎች ባንድ ሲበተን፣ አባላቱ ከትርኢት ያጠራቀሟትን ጥቂት ገንዘብ ከመከፋፈል ይልቅ አንድ ሸክላ ለማሳተም ወሰኑ። ለዚሁ ዓላማ ዲስኮርድ የተባለውን አሳታሚ አቋቋሙ። ያሳተሙት 1,000 ቅጂ ነበር። ሽፋኑን በገዛ እጃቸው በመቀስ እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ በሙጫ እያጣበቁ አዘጋጁ። ከባንዱ አባላት መካከል ኢያን ማክኬይና ጄፍ ኔልሰን ወዲያው ማይነር ትሬትን መሠረቱ።

ቀረፃው የተካሄደው ዶን ዚየንታራ በተባለ ባለሙያ መኖሪያ ቤት፣ በአርሊንግተን ቨርጂኒያ ነበር። ኢነር ኢር የሚባለው ይህ ስቱዲዮ በምድር ቤት ውስጥ የተሰናዳ አነስተኛ ክፍል ነበር። የዋሽንግተን ሃርድኮር ድምፅ ደረቅና ማስተጋቢያ የሌለው፣ ቅርብና ጥርት ያለ መሆኑ ከዚህ ክፍል ተለይቶ አይታይም። ስቱዲዮው ከጊዜ በኋላ ወደ ሰፊ ሕንፃ ተዛውሮ እስከ 2021 ድረስ አገልግሏል።

እነዚህ ወጣቶች መጠጥንና አደንዛዥ ዕፅን መናቃቸው ብዙዎችን ያስገርማል። ምክንያቱ ከሥነ ምግባር ስብከት የሰፋ ነው። በአሜሪካ ሙዚቃ የሚቀርበው መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ስለነበር፣ ዕድሜው ያልደረሰ ወጣት የራሱን ዘመን ሙዚቃ መስማት አይፈቀድለትም ነበር። በእጃቸው ጀርባ ላይ በጥቁር ቀለም የኤክስ ምልክት እየተደረገላቸው፣ መጠጥ ላለመንካት ተስማምተው ገቡ። ያ የክልከላ ምልክት ኋላ በራሳቸው ፈቃድ የሚለብሱት ዓርማ ሆነ።

የባድ ብሬይንስ ነገር

የዋሽንግተን ወጣቶች ፍጥነትን የተማሩት ከባድ ብሬይንስ ነው። ኤች.አር.፣ ዶክተር ኖው፣ ዳሪል ጄኒፈርና ኧርል ሃድሰን የሚባሉት አራት ጥቁር አሜሪካውያን አስቀድሞ ማይንድ ፓወር በሚል ስም ጃዝ ከሮክ ያዋሃደ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ወደ ፓንክ ሲዞሩ የሙዚቃ ችሎታቸውን ይዘውት መጡ። በ1980 የወጣው የመጀመሪያ ትንሽ ሸክላቸው ዋና ዘፈን አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ የሚፈጅ ቢሆንም፣ በዚያ ፍጥነት አንዲት ምት ከቦታዋ አልተዛነፈችም። ሃርድኮር መጫወት የማይችሉ ሰዎች ጩኸት ነው የሚለውን ነቀፋ ይህ ሸክላ ብቻውን ያስተባብለዋል።

በዋሽንግተን የሙዚቃ ቤቶች በራቸውን ስለዘጉባቸው ባንዱ ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ፤ ይህንንም ክልከላ የዘፈን ርዕስ አደረገው። በ1981 በኒው ዮርክ የቀረፁት ሥራ በ1982 ሮይር በተባለ አሳታሚ በካሴት ብቻ ወጣ። ከ15ቱ ሥራዎች ሦስቱ ሬጌ ናቸው። በእሳት ከሚንቀለቀሉት ዘፈኖች መካከል ድንገት ዝግ ያለ፣ ሰፊ ፋታ ያለው ምት ይገባል፤ አድማጩ ትንፋሹን ይሰበስብና እንደገና ወደ ጎርፉ ይወረወራል። ጸጥታ የጩኸት ተቃራኒ ብቻ ሳይሆን ማነፃፀሪያውም መሆኑን ይህ ካሴት ያስረዳል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆም ሊልበት የሚገባ ነገር አለ። የካሴቱ ሽፋን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀለማት የተሠራ ነው፤ ከሰማይ የወረደ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ያሳያል። የባንዱ አባላት የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታዮች ሆነው ነበር። ይህ እምነት በ1930 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በኋላ በጃማይካ የተነሣ፣ ኢትዮጵያን የተስፋ ምድር አድርጎ የሚቀበል ነው። ስለዚህ የአገራችን ቀለማት በዚያን ዘመን እጅግ ፈጣን በሆነው የምዕራቡ ዓለም ሙዚቃ ግንባር ላይ ተሰቅለው ነበር ማለት ነው።

የታሪክ ምጸት ግን ከዚሁ ጋር ይመጣል። ባድ ብሬይንስ በ1979 እና በ1980 ከተጫወቱባቸው ሥፍራዎች አንዱ በዋሽንግተን አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ በ18ኛው መንገድ የነበረው ማዳምስ ኦርጋን የተባለ የሠዓሊያን ማኅበር ቤት ነበር። በዚያው ሰፈር በ1980ዎቹ ከአብዮቱ ማግሥት እልቂትና ጭቆና የሸሹ ኢትዮጵያውያን ሰፍረው ምግብ ቤቶቻቸውን ከፈቱ። በአንድ ጎዳና ላይ አንዱ ወገን ኢትዮጵያን እንደ ጽዮን እየጠራ ሲጮኽ፣ ሌላው ወገን ከእውነተኛዋ ኢትዮጵያ ሕይወቱን አትርፎ ዝም ብሎ ይሠራ ነበር። ሁለቱም በደል የወለዳቸው ናቸው። አንዱ በሌላው አገር ስም ነፃነቱን አለመ፤ ሌላው የዚያኑ አገር ሐዘን በልቡ ተሸከመ። የጥበብ ተማሪ አንዱን እውነት፣ ሌላውን ሐሰት ብሎ ከመፍረድ ይልቅ፣ አንድ አገር በሩቅ ሰው ዘንድ ምልክት፣ በልጁ ዘንድ ቁስል ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይማራል።

ዝግታም ጩኸት ነው

ወደ ካሊፎርኒያ እንመለስ። የብላክ ፍላጉ ግሬግ ጊን ከልጅነቱ ጀምሮ የሬዲዮ ዕቃ በፖስታ ይሸጥ ነበርና፣ ያንኑ ድርጅት ኤስ.ኤስ.ቲ. የተባለ ሸክላ አሳታሚ አደረገው። የአብዛኞቹን የኤስ.ኤስ.ቲ. ቀደምት ሸክላዎች ድምፅ የመራው በ2023 ያረፈው ግሌን ሎኬት፣ በቅጽል ስሙ ስፖት ነው። በ1981 «ዳሜጅድ» የተባለው ሥራቸው ሊሰራጭ ሲል፣ የማከፋፈሉን ሥራ የያዘው ትልቅ ኩባንያ ኃላፊ ሸክላውን ለወላጆች ጠንቅ አድርጎ በመቁጠር አላከፋፍልም አለ። ባንዱም የኃላፊውን ቃል በወረቀት አትሞ በሽፋኑ ላይ ለጠፈው። ከዚህ የተከተለው የውል ክርክር ባንዱን በስሙ ሸክላ እንዳያወጣ እስከ 1983 አሠረው፤ ጊንና ባልደረባው ቸክ ዱኮውስኪም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ተላልፋችኋል ተብለው አምስት ቀን ታሠሩ።

ከእገዳው ሲወጡ ግን ሁሉም የጠበቀውን አልሠሩም። በ1984 የወጣው «ማይ ዋር» ሁለተኛ ገጽ ሦስት ዘፈኖችን ብቻ ይዞ፣ እያንዳንዱ ከስድስት ደቂቃ በላይ፣ እግር በጭቃ እንደተያዘ ሰው እየተጎተተ ይሄዳል። ፍጥነት የለመዱት ተከታዮቻቸው ተቆጡ። ታሪክ ግን ለባንዱ ፈረደ፤ የኃይል ምንጭ ፍጥነት ብቻ አለመሆኑን ያ ገጽ አስመሰከረ። የሚኒያፖሊሱ ሁስከር ዱ በዚያው ዓመት የወጣውን «ዜን አርኬድ» የተባለ ድርብ ሸክላ ከስፖት ጋር ሲቀርፅ፣ ከ23ቱ ሥራዎች ከሁለቱ በቀር ሁሉም የመጀመሪያ ቅጂ ነበሩ። በዚህ ሥራ ውስጥ ከጩኸቱ ጎን ፒያኖና ተራ ጊታር ገቡ።

ድምፁ ከአሜሪካ ውጭም የራሱን ሥር ሰድዷል። በእንግሊዝ የስቶክ ኦን ትሬንት ልጆች የሆኑት ዲስቻርጅ በ1982 ባወጡት ትልቅ ሸክላ ስለ ኑክሌር እልቂት በጥቂት ቃላት፣ በአንድ ዓይነት የከበሮ ምት እየደጋገሙ ጮኹ። ያ ምት እስከ ዛሬ በባንዱ ስም የመጀመሪያ ፊደል «ዲ ቢት» ይባላል። በብራዚል ደግሞ ወታደራዊው መንግሥት ገና ሥልጣን ላይ ሳለ፣ በ1982 የሳኦ ፓውሎ ዳርቻ ወጣቶች በአንድ ሸክላ ድምፃቸውን አሰባስበው አወጡ። በዚያ ይህ ሙዚቃ ወደ ሠራተኛው ልጅ ይበልጥ ቀረበ።

ጉድለቶቹ

የአንድን ጥበብ ውለታ ስንቆጥር ዕዳውንም መደበቅ የለብንም። የትርኢቱ ሜዳ ቀስ በቀስ የጉልበተኞች መታያ ሆነ፤ ሴቶችና አቅመ ደካሞች ወደ ዳር ተገፉ። ዘረኞችም በቁጣው ጥላ ሥር ለመጠለል ሞከሩ፤ ዴድ ኬኔዲስ የተባለው ባንድ በ1981 እነርሱን የሚያወግዝ ሸክላ እስከ ማውጣት ደረሰ። ነፃነትን ይሰብኩ ከነበሩት መካከል በሌሎች ሰዎች አኗኗር ላይ ጥላቻ የተናገሩ አልጠፉም። የድምፁ ቅርፅም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደንብ ልብስ ሆነ፤ አጥር ያፈረሰው ፍጥነት ራሱ አጥር ሠራ።

ይህን ቀድመው ያዩት መሥራቾቹ ነበሩ። ማይነር ትሬት በ1983 ተበተነ። በ1985 የበጋ ወራት የዋሽንግተን ባንዶች ዓመፅን ከትርኢቱ ለማስወጣት ተነሥተው፣ ራይትስ ኦቭ ስፕሪንግንና ኢምብሬስን የመሰሉ፣ ጩኸቱን ሳይተዉ ልቅሶንና ራስን መመርመርን የጨመሩ ባንዶችን ወደ ፊት አመጡ። ራሱን መተቸት የቻለ ጥበብ ዕድሜ አለው።

ማጠቃለያ

የእነዚህ ሸክላዎች ድምፅ የችግር፣ የፍጥነት፣ የጠባብ ክፍልና የአጭር ሸክላ ውጤት ነበር። ወጣቶቹ የማምረቻውን መሣሪያ እስኪሰጣቸው አልጠበቁም፤ ባላቸው ጀመሩ፤ የጎደለውንም ነገር ቅርፅ አደረጉት። ለመምህራንና ለከያንያን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት «እንደ እነርሱ ጩኹ» የሚል አይደለም። ድህነት በራሱ ጥበብ አይወልድም፤ ጉድለቱን አጥንቶ የተጠቀመበት እጅ ግን ይወልዳል።

የባህል ሥራ ለሚመሩም ሌላ ትምህርት አለ። ባድ ብሬይንስን በሮች የዘጉባት ዋሽንግተን፣ በ2014 በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቷ ውስጥ የፓንክ መዝገብ ከፍታ፣ ያን ጊዜ በመቀስና በሙጫ የተሠሩትን ሸክላዎችና ወረቀቶች መሰብሰብ ጀመረች። ከተማይቱ ለመስማት ከሠላሳ ዓመት በላይ ወሰደባት። ዛሬ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ለጆሯችን የሚጎረብጥ ነገር የሚሠራ ወጣት ሲያጋጥመን፣ በሩን ከመዝጋታችን በፊት ማን እንደሆነ፣ በምን መሣሪያ፣ ለማን ብሎ እንደሚሠራ እንጠይቀው። ቅርሱን ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ከመሰብሰብ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ መስማት ይቀላል።